ትንንሽ የቱርቦ ቤንዚን ሞተሮች በቢቸናና በሞጣ መንገድ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ቀድሞ የአውራጃ ዋና ከተሞች በነበሩት በቢቸናና በሞጣ የሚሠራ የመኪና ጥገና ባለሙያ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ «ሞተሩ ምን ሆነ?» የሚለው አይደለም። ለዚህኛው መፍቻና ትዕግሥት ይበቁታል። ከባዱ ጥያቄ ገና ያልተገዛች መኪና በጋራዡ በር ቆማ፣ ደላላው ከዳር ሆኖ እየጠበቀ፣ «ጋሼ፣ ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ?» ተብሎ የሚቀርበው ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ባለጸጋ አይደለም። የጤፉን ትርፍ ለዓመታት ያጠራቀመ ነጋዴ፣ ከወንድሞቹ ጋር ገንዘብ ያዋጣ መምህር፣ ወይም ባሕር ማዶ ያለች እኅቱ የላከችለትን ይዞ የመጣ ሰው ነው። በዚያች ደቂቃ የሚሰጠው መልስ የአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ዘመን ጥሪት የሚቆምበት ወይም የሚወድቅበት ነው።

ቀድሞ መልሱ ይህን ያህል አያስጨንቅም ነበር። በአዲስ አበባ አገልግላ ወደ ጎጃም የምትወርደው የቤት መኪና በአብዛኛው ቶዮታ ነበረች፤ ኮሮላ ወይም ቪትዝ። ሞተሯ አየሩን በራሱ ትንፋሽ የሚስብ፣ ምሥጢሩ በየጋራዡ የታወቀ፣ መለዋወጫው ከገበያ የማይጠፋ ነው። ጭሱን አይቶ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ዘይቱን በጣት አሽቶ መፍረድ ይቻላል። አሁን ግን ኮፈኑ ሲከፈት 1000፣ 1200 ወይም 1500 ሲሲ ብቻ የሆነ፣ አንዳንዴም ሦስት ሲሊንደር ብቻ ያለው ሞተር፣ ከጎኑ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘች ቱርቦ ታቅፎ ይታያል። ጉልበቱ የ1800 ሲሲ፣ ክብደቱ የትንሽ መኪና ሞተር ነው። በዚህ ላይ ጆሮና ጣት ብቻቸውን አይፈርዱም።

ይህ ዐይነት ሞተር በዓለም የተስፋፋው አምራቾች የነዳጅ ፍጆታንና የጭስን ሕግ ለማሟላት ሲሉ ሲሊንደሩን አሳንሰው የጎደለውን በቱርቦ ለመሙላት ስለ መረጡ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ የታክስ ሥርዓቱ አግዞታል። በአዋጅ ቁጥር 307/1995 የኤክሳይዝ ታክስ መኪናን በሲሲ ለይቶ እስከ 1300 ድረስ 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1800 ድረስ 60 በመቶ፣ ከ1800 በላይ 100 በመቶ ያስከፍል ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ለትንሹ ሲሊንደር ማድላቱን ሳይተው፣ በአሮጌ መኪና ላይ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። የታክስ ሠንጠረዥ የሚጠይቀው የሲሊንደሩን ስፋት ነው፤ በውስጡ የሚታመቀው አየር ምን ያህል እንደ ሆነ አይጠይቅም።

ከዚያም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህም በአገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪናዎች እንደማይዋለድ መንጋ ሆነዋል፤ ዕድሜያቸው ይጨምራል እንጂ ተተኪ አይወለድላቸውም። የተበላሸውን ጥሎ ሌላ ለመግዛት የነበረው መንገድ ጠቧል። ቀድሞ ስሕተት የነበረው ግዢ አሁን ጉዳት ነው።

ቱርቦ ለደጋ አገር ባዕድ መሣሪያ እንዳልሆነ ግን አስቀድሞ መነገር አለበት። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በአሜሪካ ሳንፎርድ ሞስ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1918 የሊበርቲን የአውሮፕላን ሞተር በከባድ መኪና አስጭኖ 4300 ሜትር ከፍታ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ አወጣው። ይህ ከጮቄ ራስ ጥቂት የሚበልጥ ከፍታ ነው። በቆላ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ያለ ቱርቦ በዚያ ቦታ ወደ 230 ወረደ፤ በቱርቦ ግን 356 ሰጠ። መሣሪያው በተራራ ተፈትኖ ያለፈ ነው ማለት ነው። ሆኖም የሞስ ሞተር ትልቅ ነበር፤ ዙሪያውንም መሐንዲሶች ከበውት ነበር።

ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ በ2500 ሜትር ገደማ ይገኛሉ። በባሕር ጠለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በዚህ ከፍታ ወደ 75 ይወርዳል። በራሱ ትንፋሽ የሚስብ ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል በአቀበቱ ጥሎ ነው ከተማዋ የሚደርሰው፤ በፋብሪካ ወረቀት 100 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት በሞጣ ገበያ 75 ቢያገኝ ነው። ቱርቦ ያለው ግን የጎደለውን አየር አምቆ ይሞላል። ስለዚህም ከቪትዝ ወርዶ ወደ ቱርቦዋ የወጣ ገዢ ገና በመጀመሪያው ዳገት ልቡ ይማረካል፤ ደላላውም ይህን ስለሚያውቅ መኪናዋን ለሙከራ የሚወስዳት ወደ ዳገት ነው።

መሙላቱ ዋጋ አለው። የሞተሩ ኮምፒዩተር ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር 150 ኪሎ ፓስካል እንዲሆን ቢያዝ፣ በጅቡቲ ወደብ ቱርቦው 100 የሆነውን አየር 150 ማድረግ ብቻ ይጠበቅበታል፤ ይኸውም አንድ ተኩል እጥፍ ማመቅ ነው። በሞጣ ግን 75 የሆነውን 150 ለማድረስ ሁለት እጥፍ ማመቅ አለበት። አየር ሲታመቅ ይሞቃል። የአማቂው ብቃት 70 በመቶ ቢሆን፣ በመጀመሪያው ሁኔታ የአየሩ ሙቀት በ50 ዲግሪ ያህል፣ በሁለተኛው ከ90 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ትንሽ ቱርቦ በደቂቃ እስከ 200,000 ጊዜና ከዚያም በላይ የሚሽከረከር ነውና፣ ወደ ዳር ድንበሩ የሚጠጋው ከወደብ ይልቅ በደጋ ነው። ጠንቃቃ አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ በከፍታ ላይ ግፊቱን የሚቀንስ ትእዛዝ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያስቀምጣሉ። በኋላ ሰው እጅ ገብታ በኮምፒዩተር «ጉልበት የተጨመረላት» መኪና ግን ይህ ጥበቃ ተነሥቶባት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለችውን መኪና ለቢቸና ሰው መምከር አይገባም፤ ዋጋዋ ምንም ያህል ቢረክስ።

ከዚህ ጋር የቤንዚኑ ነገር ይያያዛል። በራሱ ትንፋሽ የሚስብ ሞተር በደጋ የሚያገኘው አየር ስለሚሳሳ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይለዝባል፤ ስለዚህም ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ቤንዚን ሳያንኳኳ ያቃጥላል። በአሜሪካ ተራራማ ክፍለ ግዛቶች ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ቤንዚን ሲሸጥ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ቱርቦው ግን ግፊቱን ስለሚመልሰው ይህ የደጋ ምሕረት አይደርሰውም። ቪትዝ ያለ ቅሬታ የምትጠጣው ያው ቤንዚን እርሱን ያንኳኳዋል። ኮምፒዩተሩ ማንኳኳቱን ሰምቶ የካንዴላውን ተኩስ ያዘገያል፤ ተኩሱ ሲዘገይ ጭሱ ይበልጥ ይግላል፤ የጋለው ጭስ ደግሞ የሚያልፈው በቱርቦው በኩል ነው። ነጂው የሚያየው ጉልበት መቀነሱንና ቤንዚን መብዛቱን ብቻ ነው። ቤንዚኑ በየመንገዱ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስና በጀሪካን የተቀዳ ሲሆን ነገሩ ይከፋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሌላ አማራጭ ያጣው ነጂ ብዙ ነው። የቀድሞው መርፌ በ3 ወይም በ4 ባር ግፊት ይረጭ ነበር፤ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው አዲሱ ግን በ200 ባርና ከዚያም በላይ ስለሚሠራ፣ አቧራና ውኃ የገባበት ቤንዚን ፖምፓውንና መርፌውን ይጨርሳቸዋል።

የአዲስ አበባን መኪና ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚያደርሰው መንገድ ራሱ ፈተና ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጎዳና ከ2500 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1400 ሜትር ያላነሰ ወርዶ እንደገና ያንኑ ያህል ይወጣል። በጥንቱ ዘመን የፊያት 682 ኤን ትሬ ሾፌሮች ይህን አቀበት በዝቅተኛ ማርሽ እያዘገሙ ይወጡት ነበር፤ ቀርፋፋነታቸው ለሞተሩ ጠባቂው ነበር። የዛሬው ትንሽ ቱርቦ አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ከድልድዩ እስከ ደጀን ሳያርፍ እያመቀ ይወጣል። ነጂውም ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ በከፍተኛ ማርሽ፣ በደቂቃ 1500 ዙር፣ ጋዙን እስከ ወለሉ ረግጦ ይገፋዋል። በትንንሽ ቱርቦ ሞተሮች ላይ የታወቀው አደገኛ በሽታ የሚነሣው በዚሁ ሁኔታ ነው። ካንዴላው ከመተኮሱ በፊት የዘይት ጠብታ ወይም የከሰል ፍንጣሪ ቤንዚኑን ያቀጣጥለዋል፤ ወደ ላይ የሚወጣው ፒስተን በመንገዱ ላይ ፍንዳታ ይገጥመዋል፤ የፋሻው መቀመጫ ይሰበራል። አንድ ጊዜ ማርሽ መቀነስ ይህን ያስቀራል። በመኪና ማሠልጠኛ ቤቶች ግን ይህ ለቱርቦ ነጂ ተለይቶ አይነገርም።

ደጀን ሲደረስ ደግሞ ምሳ ነው። ተሳፋሪው ወርዶ፣ ነጂው ቁልፉን ወዲያው አጥፍቶ ወደ ሆቴሉ ይገባል። የቤንዚን ሞተር ጭስ ወደ ቱርቦ ሲገባ 950 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ፖምፓ ይቆማል፤ በቱርቦው ዘንግ ዙሪያ የቀረው ጥቂት ዘይት እንደ ምጣድ በጋለው ብረት ላይ ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። ከሰሉ ቀስ በቀስ ቀጭኗን የዘይት ቧንቧ ይዘጋታል። አንዳንዶቹ አዳዲስ መኪናዎች ሞተር ከጠፋ በኋላ ውኃ የሚያዞር የኤሌክትሪክ ፖምፓ አላቸው፤ ያ ፖምፓ በአሮጌ መኪና ላይ መሥራት አለመሥራቱን የሚጠይቅ ግን የለም። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በለዘብታ መንዳት፣ ከዚያም ሞተሩን ሁለት ደቂቃ ያህል ሳያጠፉ መቆየት ምሳን አያዘገይም።

ስለ ራዲያተር ክዳን አንድ ነገር መናገር የግድ ነው፤ ከሁሉ የሚረክሰው ዕቃ እርሱ ሆኖ ሳለ ከሁሉ የሚናቀውም እርሱ ነውና። በ2500 ሜትር ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ የሚፈላው በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ነው። የዛሬ ሞተሮች በ90ና በ105 ዲግሪ መካከል እንዲሠሩ የተሰናዱ ናቸው። ውኃውን ከመፍላት የሚያግደው የክዳኑ ምንጭ ብቻ ነው። ክዳኑ ሲደክም በጅቡቲ ምንም የማይታይባት መኪና በሞጣ ትፈላለች፤ ቴስታታው ይጣመማል፤ ጉርኒሲዮኑ ይቃጠላል። በዚያ ላይ በማቀዝቀዣው ፈሳሽ ፈንታ የወንዝ ውኃ ሲሞላ፣ የአሉሚኒየሙ ቴስታታ ከውስጥ እየተበላ ይሄዳል።

በቢቸናና በሞጣ ያሉ ባለሙያዎች ቱርቦን አያውቁም ማለት ስሕተት ነው። የአይሱዙውን የናፍታ ቱርቦ ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረዋል። ችግሩ ያው ዕውቀት ሳይለወጥ ወደ ቤንዚኑ መሻገሩ ነው። የናፍታው ጭስ ከቤንዚኑ በ200 ዲግሪ ገደማ ይበርዳል፤ ሞተሩ ወፍራም ዘይት ይታገሣል፤ ዙሩም ዝቅተኛ ነው። ለትንሹ የቤንዚን ቱርቦ ፋብሪካው 5ደብልዩ30 ወይም 0ደብልዩ20 የተባለውን ቀጭን ዘይት ሲያዝ፣ «ወፍራም ዘይት ሞተር ያጠናክራል» በሚል ልማድ 20ደብልዩ50 ይቀዳለታል። በሞጣ ብርድ ንጋት ይህ ዘይት ወደ ቱርቦው ኩሽኔታ እስኪደርስ ድረስ ዘንጉ ደርቆ ይዞራል። ቅጥነቱ ብቻም አይደለም። ከላይ የተነገረውን ቀድሞ መቀጣጠል ለመከላከል ሲባል የዘይቱ ቅመም እንዲለወጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 ኤስኤን ፕላስ፣ በ2020 ደግሞ ኤስፒ የተባሉ ደረጃዎች ወጥተዋል። በቆርቆሮው ጀርባ እነዚህ ፊደሎች መኖራቸውን ማየት ዐይን እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። የመለወጫው ጊዜም እንዲሁ ነው። በአውሮፓ በመመሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው 15,000 ወይም 30,000 ኪሎ ሜትር ለዚያ አገር መንገድና ቤንዚን የተጻፈ ነው፤ ለዚህ መንገድ 5,000 እንኳ ብዙ ነው የሚል ባለሙያ አይፈረድበትም።

እነዚህ ሥጋቶች የገጠር ጋራዥ ወሬ ብቻ እንዳይመስሉ የዓለሙን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓመቱ ሞተር ተብሎ የተሸለመው የፎልክስዋገን 1.4 ሊትር ባለ ሁለት አማቂ ሞተር በኋላ በሚሰበር ፒስተንና በሚላላ የታይሚንግ ካቴና ስሙ ተነሣ። ከ2012 እስከ 2014 ሦስት ዓመት በተከታታይ ይህንኑ ሽልማት የወሰደው የፎርድ 1.0 ሊትር ኢኮቡስት በማቀዝቀዣ ቧንቧውና በዘይት ውስጥ በሚዞረው ቺንጋው ባለቤቶቹን አሳዘነ። የፔዦና የሲትሮዌን 1.2 ሊትር ፒዩርቴክም ቺንጋው በዘይት ውስጥ የሚዞር ነው፤ ቤንዚን የተቀላቀለበት ዘይት ቺንጋውን እያላላጠ፣ ፍርፋሪው የዘይቱን ወንፊት ይዘጋዋል። አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2024 ዋስትናውን ወደ 10 ዓመትና 175,000 ኪሎ ሜትር አራዝሟል። የሆንዳ 1.5 ሊትር ቱርቦ እ.ኤ.አ. በ2018 በቻይና ቀዝቃዛ አውራጃዎች ቤንዚን ወደ ዘይቱ እየገባ አስቸገረ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በምሥራቅ ጎጃም መንገድ እምብዛም አይታዩም። ነገር ግን 1500 ሲሲ የሆኑት የቻይና ሞተሮችም የተሠሩት በዚሁ መርሕ ነው። በሰለጠነ ጋራዥ፣ በንጹሕ ቤንዚን፣ በዋስትና የተጠበቁት ከተቸገሩ፣ ሦስተኛና አራተኛ ባለቤት እጅ የደረሱት ምን እንደሚሆኑ መገመት አያዳግትም። የፎልክስዋገን መሐንዲሶች በኋለኛው ሞተራቸው ካቴናውን ትተው ወደ ደረቅ ቺንጋ መመለሳቸውንም መጥቀስ ፍትሕ ነው፤ አንድ ስም የያዙ ሁለት ሞተሮች ሁለት ጠባይ ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ «ቱርቦ አይገዛም» ብሎ በጅምላ መናገር የባለሙያ ቃል አይደለም። የተሠራበት ዓመትና የሞተሩ መለያ ቁጥር ሳይታይ መልስ መስጠትም እንደዚሁ።

ታዲያ በጋራዡ በር ለቆመችው መኪና ምን ይደረግላታል? በመጀመሪያ ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረ መሆን አለበት፤ ሻጩ አሙቆ ካመጣት በማግሥቱ እንድትመለስ ይነገረው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማ የካቴና መንኳኳት፣ ከማርሚታው የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ፣ ከዘይት መለኪያው የሚሸት ቤንዚን ሦስቱም ተናጋሪዎች ናቸው። ቺንጋው በዘይት ውስጥ የሚዞር ከሆነ በዘይት መሙያው ቀዳዳ መብራት ሰዶ ጠርዙን ማየት ይቻላል። ከዚያ የኮምፒዩተር መመርመሪያው ይሰካል። «ምንም ስሕተት የለም» የሚለው መልስ ብቻውን አያረካም፤ የመኪናዋ የውስጥ ፍተሻዎች ገና አልተጠናቀቁም ብሎ መመርመሪያው ካሳየ፣ የስሕተቱ መዝገብ በቅርብ ቀን ተደምስሷል ማለት ሊሆን ይችላል። የኪሎ ሜትር ቁጥሩን ማመን ደግሞ የዋህነት ነው፤ የመሪው ልባስና የፔዳሉ ጎማ የሚሉት ከእርሱ ይበልጣል። በመጨረሻ ወደ ቱርቦው የሚገባው ቱቦ ተፈትቶ ዘንጉ በጣት ይነቃነቃል። ጥቂት መነቃነቅ ጤና ነው፤ ምላጩ ግድግዳውን ከነካ ግን ነገሩ አብቅቷል።

«ቱርቦዋ አዲስ ተቀይሯል» የሚለው የሻጭ ቃል እንደ ምስክር ወረቀት የሚቀርብበት ጊዜ አለ። ይህ ቃል ሊያስደስት ሳይሆን ሊያስጠረጥር ይገባል። ቱርቦ በራሱ ሕመም የሚሞተው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ገዳይ አለው፤ የተዘጋ የዘይት ቧንቧ፣ የቆሸሸ ዘይት፣ ወይም የተቀደደ የአየር ፊልትሮ። ገዳዩ ሳይያዝ አዲስ ቱርቦ መግጠም ሁለተኛውን ለዚያው ገዳይ ማስረከብ ነው። የዘይቱ ቧንቧ አብሮ መቀየሩን፣ ካርተሩ ወርዶ ወንፊቱ መታጠቡን ሻጩ ማስረዳት ካልቻለ፣ ዋጋው አንድ ተጨማሪ ቱርቦ የሚገዛ ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ አለዚያ ግዢው ይቅር።

እዚህ ላይ የሙያውን ክብር የሚነካ ጉዳይ አለ። ሽያጩ ከተሳካ ደላላው ከኮሚሽኑ ቆርሶ ለመርማሪው የሚሰጥበት ልማድ በአንዳንድ ቦታ ይታያል። ገንዘቡን የሚከፍለው በመጨረሻ ገዢው ነውና፣ ሰውየው ራሱን እንዲያታልሉት የከፈለ ይሆናል። የምርመራው ዋጋ አስቀድሞ በግልጽ ተነግሮ፣ መኪናዋ ተገዛችም አልተገዛችም፣ ከገዢው እጅ ብቻ ሊወሰድ ይገባል። የታየውም በአንድ ወረቀት ላይ ከነቀኑ ተጽፎ ይሰጥ። ሕመምተኛ እናቱን በሌሊት ወደ ባሕር ዳር ለማድረስ ያችን መኪና የሚነዳው ሰው፣ በአፍ የተነገረውን «ደኅና ናት» ይዞ መንገድ ላይ ቢቆም የሚጠይቀው አጥቶ ይቀራል።

ለብዙኀኑ የቢቸናና የሞጣ ገዢ ታሪኳ ከማይታወቅ ትንሽ ቱርቦ ይልቅ ታሪኳ ከማይታወቅ ቪትዝ ይሻለዋል፤ ሁለቱም ሲበላሹ የመጀመሪያዋ የምትጠይቀው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነውና። ዘይቷ በወቅቱ መለወጡን የሚያሳይ ደረሰኝ ያላት፣ የመለያ ቁጥሯ ከደካማዎቹ ዓመታት ውጭ የሆነ፣ ከላይ የተነገረውን ምርመራ ያለፈች ቱርቦ ግን በዚያ ከፍታ ከቪትዝ የተሻለች መኪና ናት፤ ይህንንም ፈርቶ መደበቅ አይገባም። ቀድሞውኑ ገዝቶ ለመጣ ሰው ደግሞ ወቀሳ አይጠቅመውም። የዘይቱ ደረጃና የመለወጫው ኪሎ ሜትር በወረቀት ተጽፎ በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፍለት፤ የቤንዚን ፊልትሮው በየጊዜው ይታይለት፤ ጀሪካን የግድ ከሆነበት ቤንዚኑን አሳድሮ፣ ከላይ ያለውን ብቻ በጥሩ ማጣሪያ እንዲቀዳ ይነገረው፤ የራዲያተሩም ክዳን ደኅና ቢመስል እንኳ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥለት።